የጎን ክፍሏ አድማጭ

በሬዲዮ ጣቢያው ሦስተኛ ፎቅ፣ ከስቱዲዮው ቀጥሎ፣ የተሰበሩ ወንበሮችና የወለል መወልወያ የሚቀመጡበት ጠባብ ክፍል አለ። «ሃይማኖት፣ ባህልና ዘመናችን» የተባለው ሳምንታዊ የውይይት ፕሮግራም አድማጮች በሙሉ የሚደውሉት ከዚያ ነበር። በሙሉ ማለት አንዲት ሴት ናት። እውነተኞቹ አድማጮች ሲደውሉ ወይ ይሳደባሉ ወይ ዘፈን ይመርጣሉ፤ ስለዚህ የፕሮግራሙ መሪ ታናሽ እህቱን ቀጠራት። አንድ ሳምንት ልጇ ያስቸገራት እናት፣ ሌላ ሳምንት ግራ የገባት ተማሪ ሆና ትደውላለች። ጥያቄውን የሚሰጣት እሱ ነው፤ መልሱንም አስቀድሞ አጥንቶታል።

ባልደረቦቹ መሪውን «ሚዛኑ» ይሉታል። «በአንድ በኩል» ብሎ ካልጀመረ፣ «በሌላ በኩል» ብሎ ካልጨረሰ እንቅልፍ አይወስደውም። ከግራና ከቀኙ ሁለት ቋሚ እንግዶች ይቀመጣሉ፤ የሃይማኖት መምህሩና የባህል ተመራማሪው። አየር ላይ ሲሆኑ ዓይንህን ላፈር ይባባላሉ፤ ቀይዋ መብራት ስትጠፋ ግን በአንድ መኪና ተሳፍረው፣ በአንድ ቀልድ እየሳቁ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ደዋይዋ ሦስቱንም ጠባቧን ክፍል ከስቱዲዮው በሚለየው መስታወት በኩል ስታያቸው ዓመታት አልፈዋል። መምህሩ ስለ ትሕትና ሲያስተምር ክራባቱን እንደሚያስተካክል፣ ተመራማሪው «ሕዝባችን» ሲል በአፍንጫው እንደሚተነፍስ፣ ወንድሟ ደግሞ ምንም ላለማለት ሲዘጋጅ ድምፁን ዝቅ እንደሚያደርግ አበጥራ ታውቃለች።

በዚያ ሳምንት ግን ንቀቷ ንዴት ተጨምሮበት ነበር። የሁሉም ታናሽ የሆነችው እህታቸው የሌላ እምነት ሰው ልታገባ ነው። አባታቸው «አልመርቅም፤ ሰርጉ ላይም አልቆምም» ብለዋል። ልጅቷም ያለ አባቴ ምርቃት ጎጆ አልወጣም ብላ አዳራሹን ልታሰርዝ ተነስታለች። አባት የሰው ቃል የሚሰሙ ከሆነ የሚሰሙት የበኩር ልጃቸውን ነው። እሱም ሚዛኑ ነው።

ከፕሮግራሙ በፊት ኮሪደሩ ላይ ያዘችው።

«ወንድም ጋሼ፣ አባዬን ታናግራቸዋለህ አታናግራቸውም?»

«ጉዳዩን ከሁሉም አቅጣጫ እያየሁት ነው።»

«ወር ሙሉ?»

«በአንድ በኩል የአባዬ ስሜት አለ። በሌላ በኩል...»

«በሌላ በኩል እህትህ አለች። አልቅሳ አልቅሳ ዓይኗ አብጧል።»

«ይኼ ረጋ ብለን የምንወያይበት ነገር ነው፣ እህቴ። በይ አሁን ግቢ። ዛሬ አያት ነሽ፤ ስለ ወጣቶች አለባበስ ነው የምትጠይቂው።»

ገባች። ተራዋ ሲደርስ ስልኩን አነሳች። የአያትነቱን ሳል እንኳ አልሳለችም።

«ጤና ይስጥልኝ። እህቴ የሌላ እምነት ሰው ልታገባ ነው። አባታችን አልመርቅም ብለዋል። የሚሰሙት ታላቅ ወንድማችንን ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ አፉን ለመክፈት ወር ሙሉ እያሰበበት ነው። ምን ይሻለኛል?»

ከመስታወቱ ማዶ የሚዛኑ ፊት አመድ መሰለ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እናቴ። በአንድ በኩል...»

«ይቅርታ፤ ሚዛንማ ገበያም አይታጣም። እኔን የቸገረኝ ወንድም ነው።»

መምህሩ ክራባቱን ያዘ። ተመራማሪው ባዶ ብርጭቆ አንስቶ ጠጣ። በሌላ ጊዜ በሰው ጋብቻ ለመጣላት የሚሽቀዳደሙት ሁለት ዐዋቂዎች ዱዳ ሆነው ቀሩ። ሬዲዮ ደግሞ ዝምታ አይችልም። ለሚዛኑ የቀረችው መውጫ አንዲት ብቻ ነበረች፤ ጀግና መሆን። አየር ላይ ጀግንነት ምንም አያስከፍልም።

«ያ ወንድም» አለ ድምፁን አጎርንኖ፣ «ወንድ ከሆነ ዛሬውኑ ይሂድ! አባቱ ፊት ይቁም! ፍቅር የሌለበት እምነት ምኑን እምነት ሆነ? እኔ ብሆን አንዲት ቀን አላድርም!»

ፕሮግራሙ እንዳለቀ የጎን ክፍሉን በር በርግዶ ገባ።

«ገደልሽኝ! በሕዝብ ፊት!»

«ስምህን መች ጠራሁ? በል እንሂድ።»

«የት?»

«አባዬ ጋ ነዋ! አንዲት ቀን አላድርም አላልክም?»

«ያ ለአድማጭ የተባለ ነው፣ አንቺ ደግሞ!» አለና ከተሰበሩት ወንበሮች በአንዱ ላይ ተዘረፈጠ።

ሳቋ አፈናት። የዚህ ሰው አፍ የተናገረውን እግሩ ሰምቶት አያውቅም።

የወንድሟ ስልክ ጠራ። አባት ነበሩ። ለማንሳት ሲያመነታ ጊዜ እሷ ተቀብላ ለሁለቱም እንዲሰማ ድምፁን ለቀቀችው።

«ሰማሁህ» አሉ አባት። «ደዋይዋ ማን እንደሆነችም አውቄያለሁ፤ የልጄን ድምፅ መቼም አላጣውም። እሱን ተወው። መቼ ነው መጥተህ እኔ ፊት የምትቆመው?»

«አባዬ... ፕሮግራሙ እኮ... ለጠቅላላው ማኅበረሰብ የሚተላለፍ...»

«ቅዳሜ ትመጣለህ አትመጣም?»

«ቅዳሜ ጉባኤ አለብኝ። ስለ መቻቻል።»

ረጅም ትንፋሽ ተሰማ።

«ያ ልጅ» አሉ አባት ቀስ ብለው፣ «እህትህን የጠየቀው፣ ሦስት ጊዜ ደጄ ላይ ቆሟል። ሁለት ጊዜ በር ዘጋሁበት፤ በሦስተኛው ሰደብኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰምቶኝ፣ ‹ሌላ ቀን እመለሳለሁ፣ አባባ› ብሎኝ ሄደ። የአብራኬ ክፋይ፣ በእኔ እምነት ያሳደግኩት ልጄ ግን ቤቴ የሚገባው በሬዲዮ ነው። እኔ ታዲያ የማንን እምነት ከማን ላድን ነው በር የምዘጋው? በሉ ልጅቷን ንገሯት። እመርቃታለሁ።»

ዘጉት።

ደዋይዋ ከወንድሟ ፊት ላይ እንደው ሐፍረት ቢጤ ባገኝ ብላ ፈለገች። አጣች። እንዲያውም ፊቱ በርቷል። ብድግ ብሎ ኮቱን አራገፈ።

«አየሽ? ውይይት ፍሬ ያፈራል ስላችሁ! የሚቀጥለው ሳምንት ርዕስ ተገኘ፤ ‹አባቴን እንዴት እንዳሳመንኩ›። አንቺ አመስጋኟ ሙሽራ ሆነሽ ትደውያለሽ።»

«ራስህ ደውል» አለችው ቦርሳዋን እያነሳች። «ድምፅህን ትንሽ ቀጠን ማድረግ ነው። አይከብድህም።»

ለእህቷ ምሥራቹን ለማድረስ ደረጃውን በሩጫ ስትወርድ፣ ከላይ በመወጣጫው ብረት ላይ ተደግፎ ሲጣራ ሰማችው።

«ሰርጉ ላይ ንግግር የማደርገው እኔ ነኝ አይደል?»