ለማላኪ ሂጋርቲ የሰጠሁት ምስክርነት

የአርበኞች ጡረታ ሕግ ከወጣ ወዲህ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በቀጥታ ቤቴ ገብቼ አላውቅም። በጦርነቱ ጊዜ የሰፈሩ ሻምበል እኔ ነበርኩና ሰው ሁሉ ተዋግቷል ብዬ እንድመሰክርለት የጡረታ ቅጹን ይዞ በር ላይ ይጠብቀኛል። አንዱ መጥቶ፣ "ባርቲ፣ ድልድዩን ስናፈርስ አካፋ ይዤ አጠገብህ አልነበርኩም እንዴ?" ይለኛል። ያን ጊዜ አካፋ ቀርቶ ማንኪያ ሲይዝ አላየሁትም። እፈርምለታለሁ። ከእንግሊዝ ጋር ስንዋጋ እንኳ እንዲህ አልሰለቸኝም።

ባለፈው መጋቢት ግን ቤቴ ድረስ የመጣችው ጎብኔት ሂጋርቲ ነበረች፣ የማላኪ ሚስት። ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች። ቅጹን ከካፖርቷ ኪስ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

በጦርነቱ ጊዜ ሕዝቡ አድሞ ለእንግሊዝ ፖሊሶች እንቁላል እንኳ አይሸጥላቸውም ነበር። ማላኪ ግን ጋሪውን ማገዶ ሞልቶ ጣቢያቸው ግቢ ይገባል፣ አብሯቸው ይጠጣል፣ ሲመሽ እያፏጨ ይመለሳል። እዚያ የሰማውን ሁሉ ለመረጃ ሹማችን ለቲግ ሉሲ ያደርስ እንደነበር ሰፈሩ አያውቅም። ስለዚህ ባንዳ አሉት። በሰኔ አንድ እሁድ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ አስረን ሕዝብ እያየ ገረፍነው። ገረፍነው እላለሁ እንጂ ዱላው በኔ እጅ ነበር። የግራ እጁ ጣቶች ከዚያ ቀን ወዲህ አልተጨበጡም።

"የጡረታ መርማሪዎቹ ቅጹን ሁለቴ መልሰውብናል" አለች ጎብኔት። "አዛዡ የነበረ ሰው ያኔ ያውቅ እንደነበር ይመስክር ነው የሚሉት። ቲግ ሞቷል። የቀሩት እርስዎ ነዎት፣ ሻምበል።"

"ቲግ በኋላ ነግሮኛል ብዬ ጽፌላቸዋለሁ እኮ።"

"በኋላ አይበቃቸውም። ያኔ አውቅ ነበር ይበሉ።"

"በሐሰት ማል ነው የምትይኝ?"

"አካፋ ላልጨበጠው ሁሉ ሲፈርሙ ይኖሩ የለ? ነፍስዎ የምታሳስብዎት የኔ ባል ተራ ሲደርስ ነው?" ድምጿን አልጨመረችም። "ገንዘቡን ገደል ይክተቱት። ልጄን ሊያገባ የነበረውን ልጅ እናቱ ከለከለችው፣ የባንዳ ልጅ ቤቴ አትገባም ብላ። ይህ ሰው አገሩን አገልግሏል የሚል፣ መንግሥት የጻፈው ወረቀት ነው የምፈልገው። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

በጠየቀችኝ ነገር ውስጥ አንዲት የሐሰት ቃል አልነበረችም፣ እሷ ግን ይህን አታውቅም። ከዚያ እሁድ በፊት በነበረው ቅዳሜ ቲግ እኔ የተደበቅሁበት ጎተራ መጥቶ፣ "ማላኪ የኛ ሰው ነው" ብሎኛል። "ታጣቂ ልጆችህ ካልተቀጣ ብለው ካስቸገሩህ ለይምሰል ያህል መታ መታ አድርገው። ፖሊሶቹም ይበልጥ ያምኑታል።"

የመጀመሪያዎቹን አራቱን ለይምሰል መታሁት። ከዚያ ፊቱን አየሁት። ወዙ ፊቱ ላይ አለ። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ቦይ ውስጥ አድሬ፣ እከክ በልቶኝ፣ በጥሬ ድንች ስኖር እሱ በየማታው አልጋው ላይ ይተኛል፣ ከፖሊሶቹ ጋር የአሳማ ሥጋ ይበላል። ቀናሁበት። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ፤ ቀናሁበት እንጂ የተጠራጠርኩት እንኳ አይደለም። ልጆቹ ዱላውን ከእጄ እስኪቀሙኝ ድረስ አላቆምኩም።

ተኩስ ሲቆም ቲግ ለሰላም ብሎ ለማላኪ፣ "ባርቲ አያውቅም ነበር" አለው። ማላኪም በዓመቱ፣ በድርቆሽ አጨዳ ሰሞን፣ እርሻዬ ድረስ መጥቶ ደህናውን እጁን ዘረጋልኝ። "ባታውቅ ነው፤ እኔም ብሆን ባንዳ እመታ ነበር" አለኝ። እጁን ጨበጥኩት። ቲግ በሕዝብ ፊት ስሙን ሊያጠራለት አስቦ ነበር፤ ግን እኛው በእኛው የተዋጋንበት ዓመት መጣና ቲግ በዚያ ቀረ። እኔ ለሰዉ "ተዉት፣ ደህና ሰው ነው" እያልኩ አለፍኩ። ሻምበሉ ሆደ ቡቡ ነው አሉ። ከዚያ ወዲህ አሥራ አምስት በጋ ማላኪ የኔን ድርቆሽ፣ እኔ የሱን ስንከምር ኖርን።

ለጎብኔት "እመሰክራለሁ" አልኳት። አላመሰገነችኝም።

መርማሪዎቹ ከደብሊን መጥተው ከተማው ሆቴል ፎቅ ላይ ተቀምጠው ነበር። ማላኪ በጋሪው ወሰደኝ። ምን እንደምል አልጠየቀኝም፤ መንገዱን ሙሉ ስለ ታመመች ጊደሩ ሲያወራ ደረስን። አንድ ላይ ጠሩን። ሦስት ሰዎች ናቸው፣ እነሱም የደከማቸው ይመስላሉ። ሰብሳቢው ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አደረገ።

"ሻምበል ክሮሊ፣ አቶ ሂጋርቲ በትእዛዝ ይሠሩ እንደነበር ያወቁት መቼ ነው?"

"ከመግረፌ በፊት ባለው ቀን" አልኩ። "ቲግ ሉሲ ራሱ ነግሮኛል።"

"እያወቁ ነው የገረፏቸው?"

"እያወቅሁ። በቀስታ ምታው ተብዬ ነበር። በቀስታ አልመታሁትም።"

ወደ ማላኪ መዞር አቃተኝ። ሰብሳቢው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። "ሻምበል፣ በዚህ ሳምንት ብቻ ድሮ ሁሉን ያውቁ የነበሩ መኮንኖች ስንት እንዳየሁ ብነግርዎት ይገርምዎታል። ለጎረቤት ማዘን ጥሩ ነው። መሐላ ግን መሐላ ነው።"

"እውነቱን ነው የተናገርኩት።"

ማላኪ ባርኔጣውን ይዞ ተነሣ። "አይደለም ጌታዬ። ሚስቴ ለምናው ነው። ደግ ሰው ስለሆነ እምቢ ማለት አቃተው። ያኔ አያውቅም ነበር።"

"የሚሉትን ያውቁታል፣ አቶ ሂጋርቲ? ሌላ ምስክር የለዎትም እኮ።"

"አውቀዋለሁ።"

ሰብሳቢው አጠገቡ የተቀመጠውን መርማሪ አየው፣ መርማሪውም ትከሻውን ነቀነቀ። ቃሌ ላይ አንድ መስመር ሲሰርዝ አየሁት። በሕይወቴ ለስንቱ ስዋሽ ማን ተጠራጥሮኝ ያውቃል?

በጋሪው ተመለስን። ዳገቱ ሥር ስንደርስ ፈረሱ በራሱ ጊዜ ቆመ። ማላኪ አልነካውም።

"ማላኪ፣ ያልኩት እውነት ነው" አልኩት።

"መሆኑን አውቄያለሁ። ስትናገር ድምፅህን ሰማሁት።"

"ታዲያ ለምን? ጎብኔትን ምን ልትላት ነው? ልጅቷስ?"

እንባ እንኳ ቢያወጣ፣ ቢሰድበኝ፣ ከጋሪው ቢያወርደኝ ደስ ይለኝ ነበር።

"አንተን ይቅር ለማለት አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል" አለ። "ሌሊት ሌሊት እየተነሣሁ፣ አያውቅም ነበር፣ አያውቅም ነበር እያልኩ። የኖርኩት በሱ ነው። ዛሬ፣ ያውቅ ነበር ብዬ ያንን ወረቀት ብቀበል ቤቴ ስገባ እንደ አዲስ ልጠላህ ነው፤ አጥርህ ደግሞ ካጥሬ ጋር አንድ ነው። አልችልም፣ ባርቲ። ሃምሳ አምስት ዓመቴ ነው፤ ደክሞኛል።"

"እሺ እኔስ ምን ላድርግ?"

"ምንም። አታውቅም ነበር። ማንም ቢጠይቅህ፣ ጎብኔትም ብትሆን፣ አታውቅም ነበር።" ልጓሙን ሳብ አደረገ። "ውረድና ከኋላ ግፋ፣ ፈረሱ ዳገቱን አልቻለም።"

ወርጄ ገፋሁ።