አተላ የጠጣችው የፖም ዛፍ

የትምወርቅ ሰው አትጠላም፤ ካኮረፈች ግን ማኩረፍ ታውቅበታለች። በፈረንጆቹ 2018 ግንቦት ላይ፣ በምትኖርበት የባሕር ማዶ ከተማ ሪችፊልድ፣ ከአጥሯ ማዶ የሚኖረውን ሆርዶፋን ሰላም ማለት ተወች። ይህ የኤርፖርት ታክሲ ነጂ አጥሩ ስር ማገዶ ከመረ፤ በሳምንቱ የፖም ዛፏ ግንድ ላይ ከየቀዳዳው ስንጥር የመሰለ የእንጨት ብናኝ ብቅ ብቅ አለ፤ ቅጠሏም ጠወለገ።

«ነቀዝህን አጋባህብኝ!» አለችው።

ሆርዶፋ ሳይከራከር ማገዶውን ጭኖ ወሰደ። ዛፏ ስትተከል ጉድጓዱን የቆፈረው እሱ ነበር።

ዘንድሮ ገና ማበቧ ነው፤ ብትደርቅ የትምወርቅ ምን እንደሚውጣት እግዜር ይወቅ። ያልሰጠቻት ነገር የለም። ለማኅበር ጠላ በጠመቀች ቁጥር አተላውን ሥሯ ላይ ታፈስላታለች። እናቷ ቤት ላሞች ያወፍር የነበረ አተላ እንዴት ቆሻሻ ውስጥ ይጣላል?

ቢቸግራት የዛፍ ባለሙያ ጠራች። ሴትዮዋ ግንዱን በቢላ ላጥ አድርጋ ከሰሊጥ የማትበልጥ ጥንዚዛ አወጣች።

«እንጨቱን አትበላም» አለች። «ትቦረቡርና ይዛው የመጣችውን ሻጋታ ትዘራበታለች፤ ልጆቿ የሚበሉት እሱን ነው። ሻጋታው ሲስፋፋ ውሃ ወደ ቅጠል አይወጣም።»

«ከጎረቤት ማገዶ ነው አይደል የመጣችው?»

«ደረቅ ማገዶ ምን ያደርግላታል? የሚጠራት የአልኮል ሽታ ነው።» ዝቅ ብላ አፈሩን አሸተተች። «እዚህ ምን ያፈሳሉ?»

የትምወርቅ ክው አለች። መሬት ተሰንጥቆ ቢውጣት ደስ ባላት። ከአጥሩ ማዶ የሆርዶፋ ሳቅ ተሰማ።

«እትዬ የትምወርቅ! ለድግስ ጠርተው እንግዳ መጣብኝ ይላሉ እንዴ?»

ዛፏ ከሥሯ ሁለት ግንድ ያወጣች መንታ ነበረች፤ የተበላው ግንድ ተቆርጦ ከግቢ መውጣት ነበረበት። መጋዝ ይዞ የመጣው ያው ሆርዶፋ ነው። የትምወርቅ ይቅርታ አፏ ላይ እያለ «ቀስ በል፣ ቀስ በል» ብቻ ስትለው ዋለች። አተላው ከዚያ ወዲያ ቆሻሻ ውስጥ ገባ፤ እያንገበገባት።

መስከረም ላይ በቀረው ግንድ ጥቂት ፖሞች ቀሉ። የመጀመሪያውን በሁለት እጇ ይዛ አጥሩን ዞረች።

«በማታውቀው ወነጀልኩህ። ይቅር በለኝ።»

ሆርዶፋ ፖሙን ተቀብሎ ወደ አፍንጫው አስጠጋው።

«ጠላ ጠላ አይልም?»

የትምወርቅ ሳቋ አመለጣት። እሱ ግን ፖሙን ለሁለት ገምሶ ትልቁን ግማሽ መለሰላት።