በክፉ ቀን ቤቱን የመገበ

«ለመሆኑ የእናንተ ሟች ከሰማይ ነው የወረደችው?»

ወይዘሮ አስናቀች ይህን ያሉት በሹክሹክታ ነው። የወይዘሮ አስናቀች ሹክሹክታ ግን ከሆሳዕና ተነስቶ ጃጁራ ድረስ ይሰማል። ባላቸው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለሆኑ በሰው ለቅሶ ጮክ ብሎ ማውራት ነውር መሆኑን ያውቃሉ፤ ጨርሶ ዝም ማለትም እንደሚቻል ግን እስከ ዛሬ የነገራቸው ሰው የለም።

ጣቢታ የውሃ ጣሳ ይዛ አጠገባቸው ቆማ ነበር።

«ምነው እትዬ?»

«አይ፣ የሟች ወገን የታለ ብዬ ነው እንጂ። በእኛ አገር ቢሆን ይሄኔ ወንድሙም የወንድም ልጁም ዋይ ዋይ እያለ በገባ ነበር።»

«መንገድ ላይ ናቸው።»

«ትናንትም መንገድ ላይ ነበሩ።»

«ጭቃ ነው እትዬ። እርስዎንስ ከማዶ ሰፈር ለማምጣት ግራና ቀኝ ጎረምሳ አይደል የደገፈዎት?»

ዙሪያውን የተቀመጡት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጎተቱ። በለቅሶ ቤት ሳቅ የሚደበቀው እንዲህ ነው። ጣቢታ ግን አልሳቀችም። አፏ ብቻውን ነበር የሚናገረው፤ እሷ ራሷ የት እንዳለች አታውቅም።

አያቷ ገነቴ ከገበያ በእግሯ ተመልሳ፣ ሸክሟን ደጃፍ ላይ አውርዳ፣ «እስኪ ውሃ» አለች። ጣቢታ «መጣሁ» ብላ ገብታ፣ በጣሳ ቀድታ ስትወጣ፣ አያቷ ምሰሶውን ተደግፋ ዓይኗን እንደገለጠች ሞታ ነበር። በቃ። አልታመመች፣ አልተሰናበተች። ከዚያ ወዲህ ጣቢታ ጣሳውን አላስቀመጠችም። ለተቀመጠ ሁሉ ውሃ ትሰጣለች፤ ለጠጣም «ትንሽ ይጨመር» ትላለች። ወንጌላዊው ጸሎታቸውን ጨርሰው ዓይናቸውን ሲገልጡ እንኳ ጣሳው አፍንጫቸው ስር ነበር።

ወይዘሮ አስናቀች የነኩት ቁስል ግን እውነት ነበር። በእነ ጣቢታ ወገን ዘንድ ሴት ልጅ በባሏ ቤት ትኑር እንጂ የአባቷ ልጅ ናት። ስትሞት የአባቷ ቤት ሰዎች መጥተው፣ አባቶቻቸውን ቆጥረው፣ «ልጃችን ናት» ብለው ካላለቀሱላት ለቅሶዋ ጎዶሎ ነው። ዳሱ ሳይፈርስ ካልመጡ ደግሞ ሰው የራሱን ታሪክ ይፈጥርላታል፤ የተገዛች ነበረች፣ ዘሯ የማይጠራ ነበረች እያለ። የባሰው ነገር ደግሞ አቶ ሎምበሞ ናቸው። የጣቢታን ታላቅ እህት ወይንሸትን ለልጃቸው ያጩት እኚህ ሰው ዳሱ መካከል አግዳሚ ላይ ከዘራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ከበሩ አይነቀልም። ገነቴ ከመሞቷ በፊት ለጣቢታ አባት ለሽብሩ በግልጽ ነግረውታል።

«ልጆቹ ዘመዳሞች እንዳይሆኑ የእናትህን አባቶች ቁጠርልኝ። ካልቆጠርክ ጋብቻው ይቀራል።»

ሽብሩ መቁጠር አልቻለም። የእናቱን ወገን ፍለጋ ያልረገጠው ደጅ የለም። ጊምቢቹ ሄዶ ሽማግሌዎች አስቆጥሯል፤ አዲሎ ወርዶ በከምባትኛ አስጠይቋል። ሽማግሌዎቹ አባት በአባት ላይ እየደረቡ አፋቸው እስኪደርቅ ቆጠሩለት። በዚያ በክፉው ዘመን፣ ከብቱ አልቆ አገሩ ሲራብ፣ የጠፋች ሴት ልጅ ነበረቻችሁ ወይ ሲላቸው ግን የሁሉም መልስ አንድ ነበር። «ሴት አትቆጠርም።»

ቤት ገብቶ ይህን ሲያወራ ጣቢታ ማስቻል አቃታት።

«እንዴት አትቆጠርም? ያ ሁሉ አባት ታዲያ ከማን ተወለደ? እርስ በርሳቸው ነው የተዋለዱት?»

«አፍሽን ያዢ!» አለ አባቷ።

አያቷ ግን ጥግ ላይ ሆና እንሰት እየፋቀች ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ሽብሩ ወደ እሷ ዞረ።

«ትስቂያለሽ! ራስሽ አትነግሪኝም? ማን ወለደሽ?»

«እናቴ ናታ! አባቴ እንዴት አድርጎ ይወልደኛል?»

እንዲህ ነበረች ገነቴ። ይህን ስም ያወጡላት በልጅነቷ አዲሎ ያሳደጓት እመቤት ናቸው። ከዚያ በፊት ማን ትባል እንደነበር፣ ከየት መጥታ እዚያ እንደደረሰች ለባሏም ለልጇም ሳትናገር ኖረች። ለሌላው ነገር ሁሉ ግን ምላስ ነበራት። በተለይ ለገመድ።

ጃጁራ ገበያ ጣቢታን አስከትላ ትሄዳለች። ቅቤዋን ሸጣ ስትጨርስ ቀጥ ብላ የምትሄደው የቃጫ ገመድ ወደሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ነው። ከመድረሷ በፊት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ትከናነባለች።

«ይሄ ገመድ ነው? ፍየሏ ስታነጥስ ይበጠሳል!»

«አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬም መጣሽብኝ?» ይላሉ ሽማግሌው። ግንባራቸው ይጨማደዳል፣ ጢማቸው ይንቀጠቀጣል። እሷ ትከራከራለች፣ ታናድዳቸዋለች፤ መጨረሻ ላይ የጠሩትን ሙሉ ዋጋ ከፍላ ገመዷን ትይዛለች። ሁለት ላም ያለው ቤት የመንደሩን ከብት ሁሉ የሚያስር ገመድ ታቀፈ።

«አያቴ፣ ይሄን ሁሉ ምን ልናስርበት ነው?»

«አንቺን።»

«የምሬን እኮ ነው።»

«ሰውዬው ሲቆጣ ማየት ደስ ይለኛል» አለች ገነቴ። ዓይኗ ግን ደስ ያለው ሰው ዓይን አልነበረም።

ጣቢታ ትንሽ ልጅ ሳለች ደግሞ የጣት ጨዋታ ነበራቸው። ገነቴ ከትንሿ ጣት ነው የምትጀምረው። ትንሿ ሱጋሞ፣ ቀጥሎ ጎደቦ፣ መካከለኛው ሃንዳሞ፣ ጠቋሚው አኑሎ። እያንዳንዱ ማሞገሻ አለው። አውራ ጣት ላይ ስትደርስ ትቆነጥጣታለች።

«ኧረ አያቴ!»

«እሱ ሁልጊዜ ያማል» ትላት ነበር።

ጣቢታ የሰው ሁሉ ጣት እንዲህ የሚጠራ ይመስላት ነበር። አንደኛ ክፍል ገብታ አስተማሪዋ ጠቋሚ ጣቷን ይዘው «ይቺ ማን ትባላለች?» ሲሏት «አኑሎ» ብላ ክፍሉን በሳቅ ገድላዋለች።

ዳሱ በነጋታው ሊፈርስ ነው በተባለበት ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን በበሩ ገቡ። ጣቢታ ስታያቸው ውሃው እግሯ ላይ ፈሰሰ። ገመድ ሻጩ ናቸው!

«አንዲት ተከራካሪ ነበረችኝ» አሉ ቆመው፣ በሀዲይኛ። «ገበያ ስትቀር ጊዜ ጠየቅሁ። ሞተች አሉኝ። ስሟን እንኳ አላውቅም፤ ግን እንባዬን አፍስሼ ልመለስ ብዬ ነው።»

ሽብሩ ለወይዘሮ አስናቀች ወደ አማርኛ መለሰላቸው። ለቅሶው ከተጀመረ አንስቶ ሲያስተረጉሙት ነው የዋሉት፤ ሳይገባቸው የሚያልፍ ነገር አይወዱም።

«ደግ ሰው ናቸው» አሉ ወይዘሮ አስናቀች። «ግን ወገን አይደሉም።»

አቶ ሎምበሞ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው። «እንግዳችን፣ ማን እንበል?»

እንግዳ ሽማግሌ ስሙን ብቻ ተናግሮ አይቀመጥም፤ አባቶቹን መቁጠር አለበት። ሽማግሌው ከዘራቸውን ተከሉና ጀመሩ።

«ኤርጃቦ ነኝ። የላምቤቦ፣ በክፉ ቀን ቤቱን የመገበ። የአኑሎ፣ ጦር ያልተዋሰ። የሃንዳሞ…»

«ኦሞን በክረምት የተሻገረ» አለች ጣቢታ።

ማንም አልጠየቃትም። አፏ ነው። አባቷ ሊቆጣት ቀና አለ፤ ሽማግሌው ግን በእጃቸው ከለከሉት። ጣቢታ ላይ አፈጠጡባት።

«የጎደቦ…» አሉ ቀስ ብለው።

«በሩን ለእንግዳ ያልዘጋ።»

«የሱጋሞ…»

«ከእሳት ጋር የመጣ።»

መዝሙር ሲለማመዱ የነበሩት ልጃገረዶች እንኳ ድምፃቸውን ዋጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ይህን ማን አስተማረሽ?»

«አያቴ ናት። የጣት ጨዋታ ነው።»

«ጨዋታ?» ሽማግሌው አግዳሚው ላይ ዘጭ አሉ። «ከአባቴ ቤት ውጭ ይህን አቆጣጠር የሚያውቅ ሰው የለም። እኔና… እህት ነበረችኝ። እኔ የወተት ጥርሴ ያልረገፈ ልጅ ነበርኩ። ከብቱ አልቆ ሰዉ ቅጠል ይበላ ነበር። አንድ ቀን አባቴ ከሩቅ ገበያ ገብስ ተሸክሞ ገባ፤ ቤታችን ዳነ። በዚያችው ዕለት እሷ ጠፋች። ጅብ በላት አሉን። ደስታና ሐዘን ተያይዘው ገቡብን። እናቴ ስሟ በቤታችን እንዳይጠራ ከለከለች። እኔ ግን ሬሳዋን አላየሁም፤ ልቤ አላመነም። ካደግሁ ጀምሮ ስፈልጋት ኖርኩ። በደረስኩበት ደጅ ሽማግሌ አስቆጥሬያለሁ።»

«ሴት አትቆጠርም አሉዎት» አለ ሽብሩ። ድምፁ ተሰባብሮ ነበር።

«አሉኝ! አንተንም?»

«እኔንም።»

ሁለቱ ፈላጊዎች ተያዩ። ከዚያ ሽብሩ ተነስቶ «አጎቴ!» ብሎ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመ። ሁለቱም ጮኸው አለቀሱ። ወይዘሮ አስናቀች ነገሩን በሌላ ሰው አስተርጉመው ሲረዱ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ የት እንዳሉ ትዝ ሲላቸው በሁለት እጃቸው ከደኑት። አቶ ሎምበሞ ለብቻቸው እያጉተመተሙ እነዚያን አባቶች ከራሳቸው አባቶች ጋር አስተያዩ።

«አንገናኝም» አሉ በመጨረሻ። «ጋብቻው ይጸናል።»

ወይንሸት ፊቷን ሸፍና ጓዳ ገባች። ሽማግሌው ግን ገና ግራ እንደተጋቡ ነበሩ።

«በየገበያው ፊቴ ትቆም ነበር» አሉ። «እህቴ ነበረች ማለት ነው። ለደንበኛ አባቶቼን ስቆጥር ሰምታ አውቃኝ ነበር ማለት ነው! ታዲያ ለምን አልነገረችኝም?»

የሟች ወንድም በባዶ አፉ አይቀመጥም ተብሎ የገብስ ቆሎ በሰፌድ ቀረበላቸው። ጥርሳቸው ስላለቀ አንድ ጭብጥ አፋቸው ውስጥ ጨምረው በምራቃቸው እያራሱ ጣቢታን ጠሯት።

«እስኪ ከመጀመሪያው ቁጠሪልኝ። ልክ እሷ እንደምትቆጥረው። ድምፅዋን ልስማ።»

ጣቢታ ጣሳውን አጠገቧ ላለችው ሴት ሰጥታ ፊታቸው ቆመች። አያቷ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቷ ቀለል ብሏታል፤ ሰው ሁሉ የሚያያት እሷን ነው፣ በአንዴ የአያቷን ወገን ያገኘችው እሷ ናት። እጇን ዘረጋችና ልክ እንደ ጨዋታው በዜማ ጀመረች።

«ሱጋሞ፣ ከእሳት ጋር የመጣ። ጎደቦ፣ በሩን ለእንግዳ ያልዘጋ። ሃንዳሞ፣ ኦሞን በክረምት የተሻገረ። አኑሎ፣ ጦር ያልተዋሰ።» አውራ ጣቷን ቆነጠጠች። «ላምቤቦ፣ ልጁን በገብስ የለወጠ።»

ካለችው በኋላ ነው የሰማችው።

ስንት ጊዜ ብላዋለች! ጠዋት ፊቷን ስትታጠብ፣ ገመድ ስትዘል፣ ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ቆማ። ቃሉ ዜማ ብቻ ነበር፤ ውስጡ ሰው አልነበረበትም። አሁን አንዲት ትንሽ ልጅ ከውስጡ ወጥታ ዳሱ መካከል የቆመች መሰላት።

«ምን አለች?» አሉ ወይዘሮ አስናቀች። «ሽብሩ፣ ምን አለች?»

ሽብሩ አልተረጎመም። አፉን ከፍቶ ልጁን ያያል።

«ኧረ ንገሩኝ፣ ልጅቷ ምን አለች?»

አቶ ሎምበሞ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። የሽማግሌው መንጋጋ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጉንጫቸው በገብሱ እንዳበጠ ነው።

ጣቢታ ቃሉን መልሳ ልትውጠው ፈለገች። አያቷ ለምን ተሸፋፍና ትቆም እንደነበር፣ ለምን ሙሉ ዋጋ ትከፍል እንደነበር አሁን ገባት። «ወንድሜ» ብትላቸው ኖሮ የመጀመሪያው ጥያቄያቸው «የት ነበርሽ?» ነበር የሚሆነው። ሰውዬው በምን አድገው ሰው እንደሆኑ ሳታሳውቃቸው፣ ጨዋታ ነው ብላ ለአንዲት ሕፃን ጣት ብቻ ነግራ ሞተች። ያቺ ሕፃን ደግሞ በሰው ፊት፣ በዜማ፣ አወጣችው።

«አባባ፣ እኔ… ጨዋታ እኮ ነው» አለች። ቃሏን ራሷም አላመነችውም።

ሽማግሌው አልሰሟትም። ከአግዳሚው ላይ ቀስ ብለው ተንሸራተው መሬት ላይ፣ የሟች ልጆች በሚቀመጡበት ጉዝጓዝ ላይ ተቀመጡ። ሽብሩ ጠጋ አለላቸው። አፋቸው ውስጥ ያለውን ሊውጡ ሞከሩ፤ ጉሮሯቸው አልቀበልም አለ። ሊተፉትም በግራ በቀኝ አዩ፤ እህል ነው፣ መሬት ላይ አይተፋም። ዓይናቸው ፈጦ፣ ከንፈራቸው ተጣብቆ እንደዚያው ቀሩ።

ጣቢታ ፊታቸው ተንበረከከች። መዳፏን እንደ ጽዋ አድርጋ አገጫቸው ስር ዘረጋች።

«እዚህ» አለቻቸው።

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ያልተፈጨው ገብስ እርጥብና ሞቃት ሆኖ መዳፏ ላይ ወረደ። ጣቢታ እጇን ጨበጠች።