ለየሻው የፈላ ቅቤ

ወንድሜ የሻው ከአርማጭሆ በረሃ ሲመለስ ወባ ጨርሶት አጥንቱ ብቻ ነበር የቀረው። ጣልያን ጎንደር ከገባ ጀምሮ ከአርበኞች ጋር ነው። ጓዳዬ ውስጥ፣ ከጎታው ኋላ ደበቅሁት። እህል አልጠጋው አለ፤ የቀመሰውን ሁሉ ይመልሰዋል። የነፍስ አባታችን አባ ገብረ ሚካኤል አይተውት አዘኑና፣ ቅቤ ከአብሽና ከማር ጋር አፍልተሽ በየማለዳው በባዶ ሆዱ ስጪው፣ የታመመ ሰው ጾም የለበትም፣ ጉልበቱ እንደተመለሰም ሳይታይ ይውጣ አሉኝ። ጊዜው ሁዳዴ ነበር። ቅቤውን ከቆላ ድባ ገበያ ለጠጉሬ ነው ብዬ ገዛሁ።

ጥቂት ቀን እንደጠጣ ዓይኑ ተገለጠ። አንድ ቀን ግድግዳ ይዞ ቆመ። ደስታዬን የምነግረው ሰው አጥቼ ለብቻዬ አለቀስሁ።

ግን በሁዳዴ የፈላ ቅቤ የት ይደበቃል? ጎረቤቴ ጌታው መጣ። ለጣልያን ያደረ ባንዳ ነው፤ አርበኛ እያነፈነፈ የሚበላ፣ አፈር ይብላና! እሳት ልጫር ብሎ ገባ። ሚስቱ ቤት ቁጭ ብላ እሳት ጫሪው እሱ ሆነና! ቅቤው ለጠጉሬ ነው ስለው፣ ጠጉር በአብሽ ይቀባል ወይ ብሎ ሳቀ። ዓይኑ ወደ ጓዳው ሲሄድ ፊቱ ሄጄ ቆምሁ።

«እኔው ነኝ የገደፍሁት፣ አያ ጌታው። አቅም አጥቼ ነው» አልሁት።

እሱ መደቡ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ።

«ሸጋ። እንግዲያ ጠጪው፣ ልይሽ።»

ጠጣሁት። በማግስቱም መጣ፤ ከዚያም በየማለዳው። ዋንጫው ባዶ ካልሆነ አይነሣም። ሽታው እንዳያጋልጠን ሌላ ሰዓት ለየሻው ማፍላት ፈራሁ። ጥሬውን ቅቤ በማር ባጎርሰው ሆዱ አልቀበል አለ። ወደ ሌላ ቤት እንዳላሸሸው የጌታው ሰዎች ደጄን ይዞራሉ።

የሻው መነመነ፤ እኔ ወፈርሁ። ጉንጬ እንደ ሙሽራ ቀላ። ሴቶቹ በሁዳዴ የወፈረች ብለው ሰላምታ ነፈጉኝ። እሱስ ይሁን፤ የወንድሜን ክንድ ስዳስስ ግን ራሴን እጠላው ነበር።

በሆሳዕና ሰሞን ጌታው እንደተለመደው ተቀምጧል። ከጎታው ኋላ የሻው ያጣጥራል፤ ድምፁን እንዲሸፍንልኝ ወፍጮው ላይ ተደፍቼ እፈጫለሁ። አንድ ጊዜ እጄን ገታ አድርጌ አዳመጥሁ። ትንፋሽ የለም። ጌታውም አንገቱን ዘንበል አድርጎ እያዳመጠ ነበር።

ብድግ አለና ዋንጫውን በገዛ እጁ አቀረበልኝ።

«ምነው እናኑ፣ ይበርዳል እኮ። ጠጪ እንጂ።»

እሪ ልል የከፈትሁትን አፍ ዋንጫው ላይ ደፋሁት። እስከ አተላው ጠጣሁት።