ከጠርዝ እስከ ጠርዝ

ልጄ ከቤት በወጣች በአራተኛው ዓመት በእህቴ እጅ መጽሐፍ ላከችልኝ። ውስጡ ያለችው ብጣሽ ወረቀት «አባዬ፣ ጨርሰውና ደውልልኝ» ትላለች፤ ከሥሯ ስልክ ቁጥር አለ። አራት ዓመት ሙሉ ድምፅዋን ሰምቼ አላውቅም። እንደ ሕፃን ልዘል ምንም አልቀረኝ።

መጽሐፉ ግን ጉድ ነው! ስለ አንድ ቤተሰብ ነው አሉ። አባትየው ገጽ ሦስት ላይ ከወንበሩ ሊነሳ ያስባል፤ ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይም ገና እያሰበ ነው። ኧረ በሕግ! እኔ እስከዚያ ሁለት ሱሪ ቆርጬ እጨርሳለሁ። እኛ ልብስ ሰፊዎች ደግሞ ጨርቅ የምናውቀው ጠርዙን ዳሰስ አድርገን ነው። መሀሉን ዘልዬ መጨረሻውን አነበብኩ። ዝናብ ይዘንባል፣ አለቀ። ደወልኩ።

«ጨረስኩት፣ የኔ እናት!»

«እውነትህን ነው?» አለች። «እሺ፣ ልጅቷ ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ስትቆም አባትየው ምን እያደረገ ነበር?»

ባላውቅም በግምት መለስኩ። «ምን ያደርጋል፣ መረቃታ!»

«አላነበብከውም አባዬ። ይህቺን እንኳን ለእኔ ብለህ አልቻልክም» አለችና ዘጋችው።

ከዚያ ከገጽ አንድ ጀምሬ ቃል በቃል አነበብኩት። የደንበኛ ልብስ ተከምሮ ሁለት ወር ፈጀብኝ። መሀሉ ላይ ልጅቷ ሻንጣዋን ይዛ ቆማለች። አባትየው የግድግዳ ሰዓት እየሞላ ነው። አሥራ ሁለት ገጽ ሙሉ ይሞላል፤ እሷ ትጠብቃለች፤ ዞር ብሎ አያያትም።

መጽሐፉን ጭኔ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። ልጄ የወጣች ቀን ኮሌታ እየሰፋሁ ነበር። «አባዬ፣ ሄድኩ» ስትለኝ እግሬን ከመርገጫው አላነሳሁም። ኮሌታው ደግሞ ያን ያህል የሚያስቸኩል አልነበረም።

ደወልኩ። «የደወሉለት ቁጥር አገልግሎት ላይ አይደለም» አለችኝ የማላውቃት ሴት። አዲሱን ቁጥር ስጪኝ ብዬ እህቴ እግር ላይ ብወድቅ፣ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! እንዳልሰጥህ አስምላኛለች» አለችኝ።

አሁን ጠዋት ጠዋት፣ የስፌት መኪናዬን ከመግለጤ በፊት፣ አሮጌውን ቁጥር እደውላለሁ። «ሰዓት እየሞላ ነበር፤ ዞር ብሎ አላያትም» እላታለሁ ለዚያች ሴት። እሷም ያንኑ «አገልግሎት ላይ አይደለም» ትደግምልኛለች።