ቀዩ ብረት

«ነፍስ ይማርና፣ ጋሼ ቀጀላን በመጨረሻ እጃቸው ከዳቸው» አለች ሳሊሐ፣ ንፍሮውን በየሳህኑ እየዘገነች። «በአንድ ክረምት ሦስት መጥረቢያ ተሰበረ! ያውም የሳቸው ሥራ!»

ድምፅዋን ዝቅ አድርጌያለሁ ብላ ነው። የጎረቤታቸው የሳሊሐ ሹክሹክታ ግን ከመቱ ከተማ እስከ ጎሬ ይሰማል። የሟች ልጅ ኢሊሊ ደግሞ ከድንኳኑ ሸራ ጀርባ እጇን እየታጠበች ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የሷ ግን ያን ቀን ዘመድ ሆኖ ሁሉንም አንድ በአንድ አመጣላት።

ልቅሶው ሁለተኛ ቀኑን ይዟል። ቀጀላ ሰባ ስምንት ዓመት ኖሮ፣ ብረት ቀጥቅጦ፣ ሰው አስቆ፣ በእንቅልፉ ያለፈ ሰው ነው፤ ድንኳኑም እሱን መስሎ ነበር። አንዱ ቀልዱን ይጀምራል፣ ሌላው ይጨርሳል፣ መሀል ላይ አንዷ ታለቅሳለች፣ ደግሞ ይሳቃል። አንድ ሹም አዲስ የብረት በር አሠርቶ «እንዴት ነው?» ቢለው፣ ቀጀላ በጥፍሩ ቶክ አድርጎ አዳመጠና «ጌታዬ፣ ሌባ ሲመጣ እርስዎ ይጩኹ፤ በሩ ዲዳ ነው» ያለው ከጠዋት ጀምሮ አራት ጊዜ ተወርቷል።

ኢሊሊ ግን መሳቅ አቃታት። እጁ ከዳው? የማን? የአባቴ?

ልጅ ሳለች ከገበያው ጀርባ ባለችው ሱቅ ወናፍ የምትነፋለት እሷ ነበረች። አንድ መጥረቢያ ባለቀ ቁጥር አባቷ በጥፍሩ መታ አድርጎ ጆሮዋ ሥር ይይዘዋል።

«ምን አለሽ?»

ረጅም ካስተጋባ «አለሁ አለኝ!» ትላለች። ዝም ካለ ባለቤቱ በር ላይ ቆሞ ቢለምንም ብረቱ ወደ እሳት ይመለሳል። ያ ጆሮ ሩቅ አደረሳት፤ ዛሬ የአንድ ብረታ ብረት ፋብሪካ ላቦራቶሪ ኃላፊ ናት። ብረት ጎትቶ የሚበጥስ ማሽን አላት፣ በእሳት ብልጭታ የብረቱን ሆድ ዕቃ የሚያነብ ማሽን አላት፣ አሥራ አንድ ሠራተኛም አላት። አዲስ የገባ ሁሉ ማሽን ከመንካቱ በፊት ዘንግ መትቶ እንዲያዳምጥ ታደርገዋለች። «ኃላፊያችን ትጠነቁላለች» ብለው ያሟታል። አንድ ሕግ ደግሞ አላት፦ ያለፈ ብረት አረንጓዴ ይቀባል፣ የወደቀ ቀይ፤ ምን እንደሆነ ሳይነገር ከበር የሚወጣ ብረት የለም።

የአባቷ ወዳጅ ጋሼ ዲንቃ ከድንኳኑ ጀርባ እንጨት ይፈልጥ ነበር። ከተሰበሩት መጥረቢያዎች አንዱ የሱ ነው አሉ። ጠየቀችው።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ተይው ባክሽ። በልቅሶ ቀን የመጥረቢያ ነገር ይነሳል?»

«አምጣልኝ ጋሼ። አባቴን ሰው በከንቱ ሲያማው ዝም ልበል?»

እያፈረ በማዳበሪያ ጠቅልሎ አመጣላት። የተሰበረበትን ፊት ወደ ብርሃን አዞረችው። ደረቅ፣ ጥራጥሬው እንደ ስኳር የሚያብለጨልጭ። ይህን ፊት ታውቀዋለች፤ በማሽኗ ሥር ስንቴ አይታዋለች። ፎስፈረስ የበዛበት ብረት ነው፣ ሲበርድ ይሰባበራል። ታዲያ እዚህ ማን አመጣው?

እየሮጠች ወደ ሱቁ ሄደች። እናቷ ተጂቱም ነጠላዋን እየሰበሰበች ተከተለቻት። ከወናፉ ሥር ኢሊሊ ራሷ ለፋሲካ በጭነት መኪና የላከችው ጆንያ ተቀምጧል። አረንጓዴዎቹ ዘንጎች ተደርድረዋል፣ ምንም አልተነኩም። ከቀዮቹ የቀረው አንድ ብቻ ነው።

«ቀዮቹን እኮ ለአጥር ካስማ ብዬ ነው የላክኋቸው!»

«መቼ ነገርሽን?» አለች ተጂቱ። «እሱማ ‹የበሰለውን መርጣ ቀይ ቀባችልኝ፤ አረንጓዴው ይቆይ› ብሎ በቀዩ ጀመረ። ቡና ለቃሚ ቀዩን ትቶ አረንጓዴውን ይለቅማል እንዴ?»

ኢሊሊ ሳቋ አመለጣት። ከልቧ ሳቀች። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላት።

«ቆይ፣ በጥፍሩ አልመታውም? አልሰማውም?»

«ሰማው እንጂ። ‹ዲዳ ነው› አለ። ደጋግሞ መታው። ኋላ ‹እንግዲህ ያረጀው ጆሮዬ ነው፤ ኢሊሊ መጥፎ ብረት አትልክልኝም› አለ። ከዚያ ወዲህ መጥረቢያ ወደ ጆሮው አስጠግቶ አያውቅም።»

ኢሊሊ ወናፉ አጠገብ ተቀምጣ፣ አባቷ ከሞተ ወዲህ ያላለቀሰችውን ሁሉ አለቀሰች።

በማግስቱ ሠልስት ነበር። ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞልቷል። ዝም ብትል ማንም አያውቅም፤ የመቱ ሰው «የኛ ኢንጂነር» እያለ የሚኮራባት ልጅ ናት። ተነሳች፣ የተሰበረውን መጥረቢያ ይዛ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «በኛ ላቦራቶሪ ቀይ ማለት የወደቀ ማለት ነው። የወደቀ ብረት ልኬ ሳልነግረው ረሳሁ። ማንም ቢቀጠቅጠው ይሰበር ነበር። አባቴ ብረቱ ዲዳ መሆኑን ሰምቶ ነበር። እጁም ጆሮውም ደህና ነበሩ፤ እኔን አምኖ ራሱን ጠረጠረ።»

ዲንቃ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ለመሆኑ አንቺ ልጅ፣ ቡና ለቅመሽ አታውቂም?»

ሳቁ ሸራውን ሊቀድደው ደረሰ። «እኔስ ብያለሁ!» ብላ ጮኸች ሳሊሐ፣ ንፍሮዋን እስክትደፋ። «የጋሼ ቀጀላ እጅ አይከዳም ብያለሁ፣ ማን ይስማኝ!» ሰው ይበልጥ ሳቀ፤ ኢሊሊም እንባዋን እየጠረገች አብራ ሳቀች።

ዲንቃ ወጥቶ ሦስት ቀን ሙሉ እንጨት ሲፈልጥበት የሰነበተውን መጥረቢያ አምጥቶ ሰጣት። ቀጀላ ከሃያ ዓመት በፊት ከመኪና ባሌስትራ የሠራው ነው፤ ስለቱ እንኳ አልተነካም። ኢሊሊ እናቷ አጠገብ በርከክ ብላ በጥፍሯ መታ አደረገችውና ጆሮዋ ሥር ያዘችላት።

ብረቱ ለረጅም ጊዜ አስተጋባ።

«ምን አለሽ፣ እማዬ?»

ተጂቱ ዓይኗን እንደጨፈነች ራሷን አዞረችና ሌላኛውን ጆሮዋን ሰጠቻት።

«እስቲ ድገሚው።»