የኩሬው ኮርማ

ከብት አርቢ ዓሣ አረባለሁ ሲል ጉድ ይፈላል። ከወለቃ ወረድ ብሎ ባለው መንደር ከብት በማወቅ ሰውአገኝን የሚያህለው አልነበረም፤ የጥጃን ግንባር አይቶ የአያቱን ጠባይ ይነግርሃል። ዓሣ ግን የት አውቆ! የግብርና ባለሙያዋ ሕይወት፣ እሱና ደመቀ በቆፈሩት ኩሬ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ጫጩት ስትለቅላቸው፣ "እነዚህ ጥፍር የሚያህሉ ነገሮች መቼ አድገው ነው?" ብሎ አዘነላቸው። ማዘኑ ነው ጉዱን ያመጣው።

ደመቀ ለሰውአገኝ ጎረቤት ብቻ አልነበረም። የሰውአገኝ እናት በወሊድ ስትሞት፣ የደመቀ እናት እማ ሽታዬ ናቸው አንዱን ጡት ለልጃቸው፣ አንዱን እናት ለሌለው ሰጥተው ሁለቱንም ያሳደጉ። ሁለቱም ፀጉራቸው እስኪሸብት ድረስ አገሩ "መንትዮቹ" እያለ ነው የሚጠራቸው።

ሰውአገኝ በዓመቱ እህል ሊገዛ ቆላ ድባ ወርዶ፣ ገበያ መሐል በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ የሚንፈራገጥ አምባዛ ዓሣ አየ። ክንድ ያህላል፤ አፉ ሰፊ፣ ጢሙ የተንዠረገገ።

"ሰውዬ፣ ይኼ ቅርፊት የለው፤ በሃይማኖትህ አትበላው፤ ምን ሊያደርግልህ?" አሉት ገበያተኞቹ።

"ማን ሊበላው! ኮርማ ነው የምገዛው" አለ።

ደቃቃ ላም ከግዙፍ ኮርማ ስትገናኝ ዘሯ የሚሻሻል ከሆነ ዓሣስ ምን ይለየዋል? በጀሪካን ውሃ ውስጥ አድርጎ፣ በመኪና ጭኖ አመጣው። ደመቀ በጀሪካኑ አፍ አጮልቆ፣ "ሙሽራው ጢሙን ሳይላጭ ነው እንዴ የመጣው?" አለ። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁና ኩሬው ውስጥ ለቀቁት።

ኮርማው ሰው ለመደ። ሰውአገኝ ማለዳ ማለዳ የእንጀራ ፍርፋሪ ሲበትን ያ ሰፊ አፍ ከጭቃው ብቅ ይላል። "እሰይ የኔ ኮርማ፣ ብላ!" ይለዋል። እሱም በላ። እሱ ሲወፍር ቆሮሶዎቹ ሳሱ፤ ዳር ዳሩን ይርመሰመሱ የነበሩት ጫጩቶች ጠፉ፤ እንቁራሪቱ እንኳ ዝም አለ። ሰውአገኝ ግን ኮርማውን ሊጠረጥር? ሌባ ነው የታየው።

በዚያው ሰሞን በደመቀ ጓሮ የዓሣ አጥንት ተጥሎ አየ።

"ይኼ ምንድን ነው?" አለ።

"የዓሣ አጥንት ነዋ። እምዬን እህል አልወርድ ብሏት ሾርባ ሠራሁላት። ከጎንደር ገዝቼ ነው።"

"ኩሬ እያለህ ከገበያ?"

"ኩሬው የሁለታችን አይደል? ሳልነግርህ ምነው ልነካው?"

ሸጋ መልስ ነበር። የጠረጠረ ሰው ግን ምን ጆሮ አለው! ሰውአገኝ ሌባውን ገዝቱልኝ ብሎ ቄስ ወልደኢየሱስ ደጅ ሄደ። ቄሱ፣ "ተው ልጄ፣ ግዝት እሳት ነው፤ ለዓሣ ብለህ ሰው አታጣ" ቢሉት አሻፈረኝ አለ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ እንደቆመ፣ "የኩሬውን ዓሣ የበላ፣ ያበላ፣ አይቶ የሸሸገ የተወገዘ ይሁን!" ተባለ። ዓይን ሁሉ ወደ ደመቀ ዞረ፤ የሰውአገኝ ዓይን ቀድሞ ዞሮ ነበርና። ሰውአገኝ በዚያ ላይ፣ "እስኪያምን ድረስ ደጁን ብረግጥ!" ብሎ ማለ።

ከዚያ ወዲህ ደመቀ ማኅበር ላይ ሲቀመጥ አጠገቡ ያለው ሰው ፈቀቅ ይል ጀመር። እማ ሽታዬ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ አሁን ጭራሽ አልጋ ያዙ። ሰውአገኝ መድከማቸውን ይሰማል፤ ሊጠይቃቸው ይነሣል፤ ደግሞ መሐላው ትዝ ሲለው ይቀመጣል። እንዲህ ሲል እማ ሽታዬ መጋቢት ላይ አረፉ። ጡታቸውን ጠብቶ ያደገው ሰውዬ ቀብራቸውን ከኩሬው ዳር ቆሞ በሩቁ አየ። ወይ እልህ! እልህ ስንቱን ከእናቱ ቀብር አስቀርቷል?

ግንቦት ላይ፣ በፀጥታ መደፍረስ ተዘግቶ የከረመው መንገድ ሲከፈት ሕይወት መረብ ይዛ መጣች። ኩሬው በበጋው ጎድሏል። መረቡ ቢጎተት፣ ቢጎተት ጥቂት ያረጁ ቆሮሶዎችና አንድ አምባዛ ብቻ ወጡ። ያ ክንድ የነበረው የሰው ጭን አክሏል።

"ይኼን ማነው ያስገባው?" አለች ሕይወት።

"እኔ ነኝ። ለዘር ብዬ።"

ሕይወት አልሳቀችም። ቢላዋ አውጥታ ሆዱን ሰነጠቀችው። የቆሮሶ ጫጩት፤ ሌላም ጫጩት፤ የእንቁራሪት እግር፤ ገና ላባ ያላወጣ የዳክዬ ልጅ።

"አያ ሰውአገኝ፣ ይኼ አፉ የቻለውን ሁሉ ይውጣል" አለች። "ከትንንሾቹ ነው የሚጀምር። እነሱ ካለቁ፣ ትልልቆቹ ሲያረጁ የሚተካ የለ። ሲርበው የገዛ ዘሩንም አይምር። ግልገል ካለበት ጋጣ ጅብ አስገብተው ነው የከረሙት።"

ሰውአገኝ ጭቃው ላይ ዘጭ አለ። የበላው ይኸው። ያበላውስ? በየማለዳው "ብላ" እያለ የቀለበው ማን ሆነና! ግዝቱ የማን ራስ ላይ እንደከረመ ያን ጊዜ ገባው።

ከኩሬው ዳር ድንጋይ አንሥቶ ማጅራቱ ላይ ጫነ። የልብሱ ጭቃ ሳይደርቅ፣ አገር እያየው፣ የበደለ ሰው እንደሚያደርገው ደመቀ ደጅ ሄዶ ተደፋ።

"ማረኝ ወንድሜ! አንተ አይደለህም። ያ እኔ ያመጣሁት አምባዛ ነው፤ ሆዱን ቀድደን አየነው።"

ደመቀ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን አወረደለት።

"እግዜር ይቅር ይበልህ። ተነሥ።"

ሰውአገኝ ግን አልተነሣም። "እምዬስ? እምዬ እንደተቀየመችኝ ሞተች?"

"መጣላታችንን አላወቀች።"

"እንዴት አታውቅ? ብቅ ሳልል ከርሜ?"

ደመቀ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። "ዓይኗ አያይ፣ ጆሮዋም ደክሞ ነበር። 'ሰውአገኝ ምነው ቀረ?' ስትለኝ ምን ልበላት? ማታ ማታ ወጣ እልና ተመልሼ እገባለሁ። አንተን መስዬ፣ በአንተ ድምፅ፣ 'እንዴት ዋልሽ እምዬ' እላታለሁ። ደስ ብሏት እጄን ትስማለች።"

ሰውአገኝ ግንባሩን መሬት ላይ አድርጎ ያለቅስ ጀመር። "የሞተች ዕለትም?"

"የሞተች ዕለትም። 'ልጄ ሰውአገኝ፣ ደመቀ የዋህ ነው፤ እኔ ስሞት ሰው እንዳይበድለው፣ አደራህን' አለችኝ።"

"አንተስ ምን አልሃት?"

"ምን እላለሁ? በአንተ ድምፅ፣ 'እኔ እያለሁ ማን ይነካዋል፣ እምዬ' አልኋት። አምናኝ ዓይኗን ከደነች።"